የቆየ የአዲስ አበባ ቤት አጠባበቅ፦ ከአንድ አናጺ ለባለቤቶችና ለተከራዮች

በአራዳ፣ በጉለሌ፣ በአራት ኪሎና በአብነት ዙሪያ ሰማንያ፣ ዘጠና፣ አንዳንዶቹም መቶ ዓመት የደፈኑ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። መሠረታቸው ድንጋይ፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ በረንዳቸው እንጨት ነው፤ ከጣሪያቸው ጠርዝ ላይ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተሠራ ጣውላ ይንጠለጠላል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። የቀሩትን ማዳን ይቻላል፤ ሥራው በጊዜውና በቅደም ተከተሉ ከተሠራ ወጪውም ሰዎች የሚፈሩትን ያህል አይሆንም።

ሥራዬ አናጺነት ነው። አባቴ ሙያውን የቀሰሙት አንድ አርመናዊ አናጺ ዘንድ ሲሆን፣ እኔም ከእሳቸው ተምሬ እነዚህን ቤቶች ስጠግን ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው መሐንዲስ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ባለቤት፣ ለወራሾች፣ በቀበሌ ቤት ለሚኖሩ ተከራዮችም ጭምር ነው። ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ መሳፍንት አዳራሽ አልጽፍም፤ እነሱ ጠያቂ አላቸው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ እየተጎበኘ ነው። የልብስ ሰፊው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ የጠጅ ቤቷ ባለቤት፣ የየመኑ ባለ ሱቅ የኖሩበት ቤት ግን ቆርቆሮው ሲበሳ የሚደርስለት የለም። ከተማዋን ከተማ ያደረጓት ደግሞ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ቤቱን ይወቁት

መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ቤቱን ማን እንደሠራውና ማን እንደኖረበት ይጠይቁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የገነቧት እጆች ከብዙ አገር የመጡ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ሕንዳውያን ግንበኞችን አሠርተዋል፤ የሐጂ ካዋስ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል። አርመናዊው ሚናስ ኬርቤኪያን ለከተማዋ ብዙ ሕንፃ ነድፈዋል። ግሪኮች፣ ጣሊያኖች፣ እንደ መሐመድ አሊ ያሉ የሕንድ ንግድ ቤቶች ሱቅና መኖሪያ ሠርተዋል። የቤንሻንጉሉ ገዥ ሼህ ሆጀሌም በጉለሌ በኩል ያሠሩት ቤት አለ። ነዳፊው ማንም ይሁን ማን፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ማገሩን የመታው፣ ድንጋዩን የጠረበው በአብዛኛው ያገሬው ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ላይ ብዙ አገር ይታያል፦ ቅስቱ የሕንድ ግንበኛ፣ የሰገነቱ አጥር የአርመን አናጺ፣ ግድግዳው የደጃፉ አፈር፣ በጓሮ ለብቻው የቆመው ማድቤት ደግሞ የእኛው ኑሮ። ሲጠግኑ «ዋናው ይህ ነው» ብለው አንዱን መርጠው ሌላውን አይጣሉ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። አንዱ አዳራሽ ለሦስት ለአራት ቤተሰብ ተከፈለ፤ በረንዳው ተደፍኖ ክፍል ሆነ፤ ሰፊው ግቢ በየማድቤቱ ሞላ። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ሁሉ ጠርጎ ቤቱን ወደ መጀመሪያ መልኩ ለመመለስ ይቸኩላል። እኔ አልስማማም። የተጨመረው ነገር ግድግዳውን የሚጫን ወይም ውኃ የሚያስገባ ከሆነ ይነሣ። ካልሆነ ግን ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ሰዎችም የቤቱ ባለታሪኮች ናቸውና ሥራቸው ይከበር።

መዝገብ ማዘጋጀት ቀላል ነው። በስልክዎ ቤቱን ከአራቱም ማዕዘን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት፣ ማጠፊያና ቁልፍ ሳይቀር ፎቶ ያንሱ። በሜትር ለክተው የወለሉን ንድፍ በእጅዎ ይሳሉ፤ ማማር የለበትም፣ ልክ ይሁን እንጂ። የድሮ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ይሰብስቡ። የሠርግ ፎቶግራፍ ስል እንደ ዋዛ አይለፉት፤ ብዙ ቤተሰብ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ቆሞ ስለሚነሣ፣ የጠፋው አጥርና የወደቀው ጌጥ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ በሊጥ የተለጠፈ ጋዜጣ ካገኙም ከመላጥዎ በፊት ቀኑን አንብበው ይጻፉ። «አዲስ ዘመን» መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ያ ጋዜጣ ከሆነ የተለጠፈው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከሥሩ ያለው ልስን ደግሞ ከልጠፋው በፊት የተሠራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና እናቶች ይጠይቁ። አንድ ቤት ስንጠግን ጎረቤት የሆኑ እናት ገብተው «እዚህ ጋ የግሪኩ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ነበር» ብለው ወለሉን አሳዩን። አቧራውን ስንጠርገው የመኪናው እግሮች ዝግባው ውስጥ ጎድጉደው የሠሩት ምልክት ወጣ። ፔዳሉ ፊት ለፊት ያለው ጣውላም በጫማ ተልጦ ሳስቷል። ያንን ጣውላ ለመቀየር አስበን ነበር፤ ከሥሩ ተሸካሚ ጨምረን እንዳለ ተውነው።

ፈቃድና ስምምነት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ጥገና ለማድረግም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል። ቤትዎ በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን በከተማው የባህል ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልተመዘገበም ያዘጋጁትን መዝገብ አያይዘው እንዲመዘገብ ያመልክቱ፤ ቅጂውን በገቢ ማኅተም አስመትተው ያስቀምጡ። በቃል የተነገረ ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑ ከወረዳው የጥገና ፈቃድ ሳይዙ ግድግዳ አይንኩ። ወራሾች ደግሞ ጣሪያው ከመነካቱ በፊት ማን ስንት እንደሚያዋጣ ይፈራረሙ። ሲፈርሱ ካየኋቸው ቤቶች ውስጥ ወንድማማቾች ባለመስማማታቸው ለዓመታት ተዘግተው የወደቁት ጥቂት አይደሉም።

ውኃ

የጭቃ ቤት ጠላት ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ስለዚህ ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጣሪያው ላይ ያውሉት፤ ከተረፈም አሸንዳው ላይ። ቀለም የመጨረሻው ነው።

በሚያዝያ መሰላል ይዘው ይውጡ። የቆርቆሮው ምስማሮች ጎማቸው ደርቆ እንደሆነ ይቀይሯቸው። ዝገቱ ወደ ቀዳዳ ያልደረሰ ቆርቆሮ ይፈገፈግና ፀረ ዝገት ይቀባል፤ የተበሳው ይለወጣል። የተገጣጠሙበት ቦታ ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ ይደራረብ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ወራጅ በእጅዎ ይዳስሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብና ልስላሴ ካለ ከላይ ውኃ እየገባ ነው።

የጣሪያውን ክንፍ በፍጹም አያሳጥሩ። ቤቱን ሱቅ ሲያደርጉ «ብርሃን ከለከለኝ» ብለው ክንፉን የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ያ ክንፍ የግድግዳው ጃንጥላ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በተቆረጠ በሁለተኛው ክረምት ጭቃው መላጥ ይጀምራል።

ከዚያ ወደ መሬት ይመልከቱ። በመንገድ ሥራ ምክንያት አስፋልቱ ከግቢው ከፍ እያለ ስለሄደ፣ ድሮ ከቤቱ ወደ መንገድ ይፈስ የነበረው ጎርፍ ዛሬ ከመንገድ ወደ ቤቱ ይገባል። አፈሩም ዓመት በዓመት እየተቆለለ የድንጋይ መሠረቱን ውጦ ጭቃውን ይነካል። ቆፍረው ያንሱት። ከመሬት እስከ ጭቃው መጀመሪያ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ድንጋይ መታየት አለበት። በግድግዳው ዙሪያ ተዳፋት ያለው ቦይ አስቆፍረው ጠጠር ይሙሉበት፤ ውኃው የሚሄድበትንም አስቀድመው ያስቡ፤ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ጠብ እንዳያመጣ። ግድግዳ ተጠግቶ የሚታጠብ ዕቃና የሚደፋ እጣቢም ከዝናቡ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል፤ የቧንቧውን ቦታ ያርቁት።

ጭቃው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ቤት የሚጠፋው ቤቱን በሚወዱ ሰዎች እጅ፣ በሲሚንቶ ነውና። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ ግድግዳውን በሲሚንቶ ያስለስናል። ቤቱ አንድ ዓመት አዲስ ይመስላል። ሲሚንቶው ግን ደረቅና ግትር ነው፤ ጭቃው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ሁለቱ አብረው አይንቀሳቀሱም። ስንጥቅ ይፈጠራል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው ውኃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ከውስጥ የቆሙት እንጨቶች ይበሰብሳሉ፤ ምስጥ እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል። ውጭው ሳይለወጥ ቤቱ ከውስጥ ያልቃል።

ግድግዳዎን በጣትዎ መገጣጠሚያ ያንኳኩ። ድፍን ድምፅ ካለው ደህና ነው። ክፍት ድምፅ ካሰማ ልስኑ ከጭቃው ተለያይቷል። የተለያየውን ብቻ በቀስታ ያውርዱ፤ የያዘውን በመዶሻ እየደበደቡ ጭቃውን አብረው አይንቀሉ። ከዚያ የቋሚዎቹን እግር ይፈትሹ። እኔ የምጠቀመው እናቶች ስፌት የሚሰፉበትን ወስፌ ነው። በእንጨቱ ግርጌ ይውጉት፤ ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ እስከ ጣት አንጓ ያለ ትግል ከዘለቀ በስብሷል። የበሰበሰው ብዙ ጊዜ ከታች ያለው ክንድ የማይሞላ ክፍል ስለሆነ፣ ቋሚውን ሙሉ በሙሉ መንቀል አያስፈልግም። ከላይ ያለውን ጣሪያ በድጋፍ አስይዘው የተበላሸውን ቆርጠው ያውጡ፤ አዲሱን እንጨት በግማሽ ውፍረት እየቆረጡ አጋጥመው በብሎን ያስሩት፤ እግሩንም ከአፈር አውጥተው ድንጋይ ላይ ያሳርፉት። ለዚህ ሥራ ጥድ ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምስጥ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡ የተላጠና በሚገባ የደረቀ ይሁን።

ጭቃ ለማዘጋጀት ቀይ አፈር ይፈልጉ። ዋልካ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ድንጋዩንና ሥሩን ይልቀሙ፣ የጤፍ ጭድ ይጨምሩ፣ ውኃ ያጠጡና በእግር ይርገጡት። ከዚያ ይሸፍኑትና ይተዉት። በየሦስት አራት ቀኑ ውኃና ጭድ እየጨመሩ እንደገና ይረገጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ይሸታል፤ ያ ሽታ መልካም ምልክት ነው፤ ጭዱ ቦክቶ ጭቃውን ማያያዝ ጀምሯል። ቸኩሎ በማግስቱ የሚለጥፍ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። በእጅዎ ጨብጠው ሲወረውሩት ግድግዳው ላይ ሳይንሸራተት ከተጣበቀ ደርሷል።

አሮጌውን ግድግዳ ውኃ ረጭተው ካላራሱት አዲሱ አይይዝም። ማገሩ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ መጀመሪያ ይሙሉ፤ እሱ በሚገባ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይጨምሩ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አይደንግጡ፣ ሁለተኛው ልባስ የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። የመጨረሻው ስስ ልባስ አፈሩ የተነፋ፣ ጭዱ የደቀቀ፣ እበት የገባበት ይሁን። እበቱ ስንጥቅን ይቀንሳል። ሥራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል፤ በበልግ ዝናብ መሐል የተለጠፈ ጭቃ ሳይደርቅ ይወርዳል።

ቅቡ ኖራ ነው። ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ስለዚህ በብረት በርሜል ውስጥ ውኃው ላይ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ዓይንዎንና እጅዎን ይሸፍኑ፤ ልጆችን ያርቁ። ቀናት አሳድረው፣ አጥልለው፣ ጥቂት ጨው ጨምረው፣ እንደ ወተት አቅጥነው ስስ ስስ አድርገው ደጋግመው ይቀቡ። ወፍራም አንድ ቅብ ይፈረፈራል። የፕላስቲክ ቀለም ግድግዳውን ስለሚያፍን አይጠቀሙ።

ግድግዳው ድንጋይ ከሆነና በመሐሉ ያለው ጭቃ ከታጠበ፣ መገጣጠሚያዎቹን በኖራና በአሸዋ ይሙሉ። እዚያም ሲሚንቶ አያስገቡ።

እንጨቱ

በረንዳና ደረጃ በሚጠገንበት ጊዜ ደንቡ አንድ ነው፦ የተበላሸው ብቻ ይለወጥ። የቆየ የዝግባና የጥድ ጣውላ ዛሬ ገበያ ላይ በዚያ ስፋትና ጥራት አይገኝም። ደረጃው ከተጎዳ የተጎዳውን መርገጫ ይቀይሩ፤ «ለአንድነቱ» ሲባል ደኅናውን አይጣሉ።

የጣሪያ ጠርዝ ጌጡን ለማባዛት ደኅና የቀረውን ቁራጭ ከተቸነከረበት ፈትተው በካርቶን ላይ ያስተኙትና በእርሳስ ዙሪያውን ይከተሉ። ግማሹ ጠፍቶ ከሆነ ካርቶኑን አጥፈው ይቁረጡ፤ እነዚህ ቅርጾች አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኛቸው እኩል ነው። ከካርቶኑ ወደ ስስ ኮምፔንሳቶ ያዛውሩና ቋሚ ናሙና ያድርጉት። የጣውላው ደም ሥር (የእንጨቱ መስመር) ከላይ ወደ ታች ይሂድ፤ አግድም ከሆነ ቀጭኑ የጌጡ አንገት በመጀመሪያው ንፋስ ይሰበራል። ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ይብሱ፣ ከዚያ በቀጭን መጋዝ ይግቡ። ከመስቀልዎ በፊት የታችኛውን ጫፍ ሁለት ጊዜ በዘይት ቀለም ይቀቡት፤ ውኃ የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። አባቴ የጫፉን ጀርባ በትንሹ ወደ ውስጥ ያጋድሉት ነበር፤ ጠብታው ወደ እንጨቱ እንዳይመለስ። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

አዲስ የተሠራው ቁራጭ ጀርባ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ። ነገ የሚመጣው አናጺ የትኛው የጥንቱ፣ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ ይወቅ።

ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ብዙ ሰው አለ። በእንጨት ቤት ውስጥ ተቀጣጣይ ነገር መቀባት አደገኛ ነው፤ አፈሩንም ይበክላል። እርጥበቱን ማድረቅና የምስጡን መንገድ እየተከታተሉ ማፍረስ ይሻላል።

እሳትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ እንጨት የበዛበት ሕንፃ በምን ፍጥነት እንደሚወድም አሳይቶናል። በጨርቅ የተሸፈነውን አሮጌ ሽቦ ሙሉ በሙሉ አስወጥተው በቱቦ ያስዘርጉ፤ ለምጣድ ለብቻው መስመርና ማቋረጫ ይኑረው። አቡጀዲ ኮርኒስ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል። ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ላይ የእሳት ማጥፊያና አሸዋ ይቀመጥ።

ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ

አንዳንዱን ቤት ማዳን አይቻልም፤ ውሳኔው ከእጃችን ውጭ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የቀረችውን ጥቂት ቀን ለመዝገቡ ያውሏት። ፎቶግራፉንና ንድፉን ያሟሉ፤ የነዋሪዎቹን ቃል በድምፅ ይቅዱ፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ክፍል ምን ይሠራ እንደነበር ይጠይቋቸው። ጎረቤት ሲበተን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ቅጂ ለባህል ቢሮው፣ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይስጡ፤ አንዱን ቤተሰቡ ይያዘው።

በፈቃድ የሚነሣ ነገር ካለ በሮችን ከነመቃናቸው፣ መስኮቶችን ከነማጠፊያቸው፣ ጌጡን ከነምስማሩ ያንሱ። ጌጥ ሲነቅሉ ምስማሩን ከፊት አይጎትቱ፤ ከጀርባ በብረት መጋዝ ይቁረጡት፤ አለበለዚያ ጣውላው ይሰነጠቃል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሩን በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በምስማር ፈልፍለው በሽቦ ያስሩት፤ የወረቀት ምልክት አይቆይም። ያንኑ ቁጥር በፎቶግራፉ ላይ ቁራጩ ከነበረበት ቦታ ያስፍሩ። ሲያስቀምጡ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ በየመሐሉ ጣውላ እያስገቡ አየር እንዲዘዋወርበት ይደርድሩ፤ በላስቲክ አይጠቅልሉት፣ ይሻግታልና።